የሚጡ አራተኛ ምዕራፍ

ሚጡ ጽሑፏን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት መቀመጥ የሚባል ነገር ጠፋባት። ከመኝታ ቤቷ ትወጣለች፣ ሳሎኑን ታቋርጣለች፣ ታላቅ እህቷ የስፌት መኪናዋን ወዳስቀመጠችበት ክፍል በር ትደርሳለች፣ እዚያ ቆማ ለራሷ አንድ ነገር ታጉተመትማለች፣ ከዚያ እንደመጣች ትመለሳለች። ጠዋትም ይሄው፣ ማታም ይሄው። የሳሎኑ ምንጣፍ መሀል ለመሀል ነጥቶ መንገድ አወጣ።

“አንቺ ልጅ፣ ዶክተር እስክትሆኚ እኛ ያለ ምንጣፍ ልንቀር ነው እኮ!” አለች እህቷ፣ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ።

“እሺ እትዬ” አለች ሚጡ፤ መመላለሷንም ቀጠለች።

“ልጅ” ትበላት እንጂ ሚጡ አርባውን የተሻገረች ሴት ናት። ጤና ጣቢያ ውስጥ ልጆች የሚከተቡበት ክፍል ነርስ ናት፤ እዚያው ነው ፀጉሯ የሸበተው። እናታቸው ስትሞት ገና ዳዴ ትል ነበር። ታላቅየዋ ያኔ ስፌት የጀመረች ኮረዳ ነበረች፤ ሕፃኗን ተቀብላ በጨርቅ ክምር ላይ አስተኝታ፣ በመኪና ድምፅ አባብላ አሳደገቻት። ሚጡ ያለቻትም እሷው ናት፤ ስሙም እንደተጣበቀ ቀረ። ታላቅየዋን ደግሞ ሰዉ ሁሉ “ሰፊዋ” ነው የሚላት።

ሰፊዋ ስትናገር ትጮኻለች። ክፋት ኖሯት አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ከመኪና ጩኸት በላይ ስታወራ ኖራ፣ መኪናው ሲቆም የእሷ ድምፅ አብሮ መቆም አቃተው። ደንበኛ መጥታ “ቀሚሱ ሰፋኝ” ካለቻት፣ “ቀሚሱ ምን አደረገ? አንቺ ነሽ የከሳሽው!” ትላለች፤ ሴትዮዋም ቀሚሷን ይዛ ውልቅ ነው። ባሏ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። “እኔ ዕድሜዬን ሞተር ላይ ተቀምጬ የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ግን ቤቴ ገብቼ ነው የሰማሁት” ይላል፣ እየሳቀ። እሱ ስለሚስቅ ነው የዘለቁት።

የሚጡ ጽሑፍ ስለ ምን እንደሆነ ሰፊዋ በደንብ ታውቃለች። እናቶች ልጃቸውን ለመጀመሪያው ክትባት ያመጣሉ፤ ለሁለተኛው ግን ብዙዎቹ ሳይመለሱ ይቀራሉ። ለምን? ሚጡ ይሄን “ለምን” ተሸክማ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ጠዋት እየሠራች፣ ከሰዓት እየተማረች፣ እናቶቹን ቤት ለቤት እየዞረች ስትጠይቅ፣ ድምፃቸውን ስትቀዳ፣ ያንን ስትገለብጥ ዓመታት ነጎዱ። መልሱንም ሰፊዋ ታውቀዋለች፤ መንገዱ ይርቃቸዋል። በቃ። “ይሄንን ለማወቅ ይሄ ሁሉ ዓመት?” ብላ አንዴ ብትጠይቃት፣ ሚጡ ፊቷን አዙራ “እሺ እትዬ፣ እውነትሽን ነው” አለቻት።

ዩኒቨርሲቲው ቀኑን አንዴ አራዝሞላታል፤ ለምናው ሁለተኛም አራዝሞላታል። ይሄኛው የመጨረሻ ነው። ሐሙስ መዝገብ ቤቱ ሳይዘጋ ካላስገባች ስሟ ከተማሪ ዝርዝር ይወጣል፣ ልፋቷንም ውሃ ይበላዋል። የሚያማክሯት ፕሮፌሰር ደግሞ ፈርመውላታል፤ “ጥቃቅኑን አስተካክለሽ አስገቢ” ብለዋታል። ሰፊዋን ያንጨረጨራት ይሄ ነው። የተፈረመ ነገር ይዛ ምን ፍለጋ ነው የምትዞረው?

ሚጡ ግን ሰኞ ዕለት መጋረጃ ሁሉ አውርዳ አጠበች። ማክሰኞ የምድጃውን ጀርባ በቢላ ፋቀች፤ እዚያ ቦታ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ የሰው እጅ ደርሶ አያውቅም። በመሀል በመሀል ትገባና ኮምፒውተሩን ከፍታ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ታጠፋለች፣ ትነሳለች፣ ሳሎን ትደርሳለች፣ ተመልሳ ነጠላ ሰረዟን ትመልሳታለች። ምግብ ሲቀርብ ቆማ ትጎርሳለች። ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች፤ ዝም ሲልም ትደነግጣለች።

“ተያት” አለ ሹፌሩ። “ከባድ መኪና ዳገት ላይ የሚያስቸግር ይመስልሻል። ዳገቱንማ ነድቶት ይወጣል። የሹፌር ላብ የሚወርደው ቁልቁለቱ ላይ ነው።”

“ስለ መኪና ማን ጠየቀህ?”

“ስለ ሚጡ ነው የማወራሽ።”

“ሚጡ መኪና ናት?”

“እሺ፣ ተይው” አለና ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ጋደም አለ።

ነገሩ እንደ ጉንፋን ወደ ሰፊዋም ተጋባ። እግሯ ፔዳሉ ላይ አልረጋ አለ። የአንዲት ሙሽራ ሚዜን ቀሚስ ስትሰፋ የቀኙን እጅጌ በግራው በኩል ገጠመችው፤ ፈትታ እንደገና ስትሰፋ ያንኑ ደገመችው። በዚህ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት የሠራችው ተለማማጅ ሳለች ነበር። መቀሱን ወረወረችና “ይሄ ነገር ካልገባ እኔም ሥራ ፈታሁ ማለት ነው!” ብላ ጮኸች፤ ከሳሎን “እሺ እትዬ” የሚል ድምፅ መጣላት።

ረቡዕ ጤና ጣቢያው የጎደለ ሰው ተክታ እንድትውል ሚጡን ጠራት። መሄድ አልነበረባትም፤ ግን እንደተፈታ እስረኛ ተስፈንጥራ ወጣች።

ሰፊዋ የጠፋባትን ሜትር ስትፈልግ ወደ ሚጡ መኝታ ቤት ገባች። ጠረጴዛው ላይ የታተመው ጽሑፍ ተከምሯል። ከላዩ የፕሮፌሰሩ ፊርማ ያለበት ገጽ አለ። ክምሩም በነጭ የስፌት ክር መስቀለኛ ታስሯል።

በዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። ስፒል የተሰካበት ጨርቅ ያላለቀ ነው፤ ማንም አይነካውም። ታጥፎ በክር መስቀለኛ የታሰረ ግን ያለቀ ነው፤ መጀመሪያ ያየው ሰው አንስቶ ለባለቤቱ ያደርሰዋል። አልቋል ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ሹፌሩ በዚህ ሕግ ሲላላክ ኖሯል። ሚጡም ተማሪ ሳለች በየማለዳው የታሰረውን በየደጁ እየጣለች ነው ትምህርት ቤት የምትደርሰው።

“ጨርሳለች!” አለች ሰፊዋ፣ ማንም በሌለበት ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። “ጨርሳ አስራ፣ ማስገባቱን ፈርታ ነው ጥላው የሮጠችው!”

ለማንም አልተናገረችም። ክምሩን ታቅፋ ቁልቁል ወረደች። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ “ጠርዝልኝ” አለችው ሰውዬውን።

“ምን ዓይነት ሽፋን ይሁን?”

“ከሩቅ የሚታይ።”

ቀይ ሽፋን መረጠች፤ የወርቅ ቀለም ጽሕፈት አስደረገችበት። ሰውዬው ሙጫው እስኪደርቅ ተቀመጪ ቢላት አልተቀመጠችም፤ ከማሽኑ አጠገብ ቆማ “አሁንስ አልደረቀም?” እያለች ቁም ስቅሉን አሳየችው። ክሩ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ሲወድቅ አንስታ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰፊ ክር አይጥልም።

መዝገብ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ መጽሐፉን አገላብጣ አየችው።

“የሚያስገባው ተማሪው ራሱ ነው፣ እማማ።”

“እማማሽን ቤትሽ ፈልጊ። እህቷ ነኝ፤ እናቷም እኔው ነኝ። እሷ ሥራ ላይ ናት፤ ልጆች እየወጋች ነው።”

“ቢሆንም ውክልና ያስፈልጋል።”

“እኔ እሷን ያሳደግኳት በውክልና አይደለም!”

ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። ልጅቷ ግራ ቀኝ አየች፤ ከኋላዋ አንድ በር ተከፍቶ አንድ ራስ ብቅ አለ። “እሺ፣ እሺ” አለችና ማህተሙን አነሳች። ማህተሙ ሲወርድ የሰማችው ድምፅ ለሰፊዋ እንደ ዕልልታ ነበር።

ቤት ስትደርስ ኬክ ገዝታ ገባች። ሚጡ ከሥራ ተመልሳ በሩን ስትከፍት፣ “ግቢ እንጂ ዶክተር! ቁጭ በይና ኬክ ብዪ!” አለቻት።

ሚጡ ፈገግ አለችና ዕቃዋን ልታስቀምጥ መኝታ ቤቷ ገባች። ከዚያ መሳቢያ ሲከፈት፣ አልጋ ሲገፋ ተሰማ። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

“እትዬ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው…”

“ገባ! ተጠርዞ፣ ማህተም ተደርጎበት ገባ!”

ስንት ሳምንት ሙሉ አልቀመጥ ያለችው ሴት እዚያው ምንጣፉ ላይ ዘፍ አለች።

“ምን ሆንሽ? ታስሮ አይደል ያገኘሁት? ታስሮ!”

“ቬንቲሌተሩ እየበተነብኝ ነው ያሰርኩት። አላለቀም። እትዬ፣ ውስጡ… ከተፈረመልኝ በኋላ ሳስተካክል ነገር ሲያንቀኝ፣ የልቤን በቅንፍ እጽፈዋለሁ። ተንፍሼ ልቀጥል ብዬ። በኋላ ነው የማጠፋው። ዛሬ ማታ አንድ በአንድ ለቅሜ ላጠፋው ነበር ያተምኩት።”

“ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?”

“ስለ ፕሮፌሰሩ።”

“ስለ ፕሮፌሰሩ ምን?”

ሚጡ መሬት መሬት እያየች፣ “‘ጉሮሮውን እየጠረገ ሰው የሚያስበረግግ ሽማግሌ’” አለች።

ሹፌሩ የጎረሰው ኬክ ትን አለው። ሰፊዋ ጀርባውን ትደልቀው ጀመር፤ ለመርዳትም ለመምታትም ነበር።

“እሱስ ይሁን” አለች ሚጡ። “አራተኛው ምዕራፍ ላይ…” ብላ ጀመረችና ዋጠችው።

“አራተኛው ላይ ምን አለ? ተናገሪ እንጂ!”

“ምንም።”

“ታዲያ ለምን አሰርሽው? የዚህን ቤት ሕግ አታውቂም? ስፒል አትሰኪበትም ነበር? ወረቀት ነው ብለሽ ነው?” ሰፊዋ ጮኸች። የጮኸችው ስለፈራች ነው፤ ሲሰማ ግን አንድ ነው።

“እሺ እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው” አለች ሚጡ። ተነሳችና ገብታ በሩን ዘጋች። የዚያን ዕለት ሳሎኑን የተመላለሰችው ሰፊዋ ናት።

ሐሙስ ጠዋት አብረው ሄዱ። ሚጡ “ብቻዬን ልሂድ” ብትል ሰፊዋ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች። አውቶቡስ ውስጥ ቦታ እያለ ሁለቱም ቆመው ሄዱ። መዝገብ ቤት ሲደርሱ የመስኮቷ ልጅ ሰፊዋን ስታይ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

“ፕሮፌሰሩ ጋ ወጥቷል። እሳቸው ካዩት በኋላ ነው ወደ ፈታኞቹ የሚሄደው።”

ደረጃውን ሚጡ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ሰፊዋ ጉልበቷን ይዛ ተከተለቻት።

የፕሮፌሰሩ ቢሮ ጠባብ ነው። መጻሕፍቱ ከመደርደሪያ አልፈው መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከዚያም አልፈው ወለሉ ላይ ወርደዋል። ቀዩ ጥራዝ ጠረጴዛቸው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። በየገጹ መሀል የተቀደደ ወረቀት ተሰክቷል፤ ለሰፊዋ ስፒል የተሰካበት ጨርቅ መሰላት።

“ግቡ። እኚህ ማናቸው?”

“ታላቅ እህቴ ናት፣ ፕሮፌሰር።”

“ያስገባሁት እኔ ነኝ” አለች ሰፊዋ፣ ገና ሳትቀመጥ። “ጥፋት ካለ በኔ ነው። እሷ አታውቅም። የተጻፈውንም እሷ ከልቧ አይደለም የጻፈችው።”

“ከልቧ እንደሆነማ ያስታውቃል” አሉ ፕሮፌሰሩ። ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ጀመሩና መሀል ላይ ትዝ ሲላቸው ገትተው ያዙት። ዓይናቸው ውሃ አቀረረ። ሦስቱም ሌላ ሌላ ቦታ አዩ።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አድርገው ገለጡ። “እዚህ ጋ ‘ይሄን ምዕራፍ ማንም አያነበውም፣ ፕሮፌሰሩም ጭምር’ ይላል። አንብቤዋለሁ።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“እዚህኛው ደግሞ ስለ ጉሮሮ ነው። እንለፈው።”

“እንለፈው” አለች ሰፊዋ ቶሎ ብላ።

“አራተኛው ምዕራፍ ግን አይታለፍም።” ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ። “‘ውሸት ነው። መንገዱ አይደለም። ከጤና ጣቢያው ጋር ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩትም አልመጡም። የማይመለሱት ስለምንጮኽባቸው ነው። እሺ ይላሉ፣ ይሄዳሉ፣ አይመለሱም።’”

ሰፊዋ ከኋላዋ ሰው የጠራት ይመስል ዞር አለች። በሩ ዝግ ነው፤ ማንም የለም።

“ይሄን ያለሽ ማን ነው?” አሉ ፕሮፌሰሩ።

“እናቶቹ።”

“አንድ ሁለቱ?”

“አብዛኞቹ። ስጠይቃቸው መንገዱ ነው ይሉኛል። ጨርሼ ስነሳ፣ በሩ ላይ ጫማዬን ሳጠልቅ ነው ሌላውን የሚነግሩኝ። ‘ለነገሩ ያቺ ሴትዮ ባትቆጣኝ እመጣ ነበር’ ይሉኛል። ‘የልጅሽን ካርድ ለምን አቆሸሽሽው ብላ በሰው ፊት አዋረደችኝ’ ይሉኛል። ተመልሼ አስፈቅጄ ጽፌዋለሁ። ሁሉም አለ።”

“ታዲያ ጽሑፉ ውስጥ የት ገባ?”

ሚጡ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

“እርስዎ ርቀት ነው ብለው ነበር” አለች በመጨረሻ።

“እኔ ርቀት ሊሆን ይችላል አልኩ። ገና ስትጀምሪ። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ተገናኘን? አንድ ቀን ‘አይደለም’ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ሁልጊዜ ‘እሺ ፕሮፌሰር’ ነው።”

“እሱ ብቻም አይደል። የምንጮኸው እኛ ነን፤ እኔም አለሁበት። ነገም ሥራ የምገባው እዚያው ነው። ጓደኞቼ ያነቡታል።”

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉት። የተቀየሙ ይመስላሉ፤ በማን እንደሆነ ግን ለራሳቸውም የለየላቸው አይመስሉም።

“እንግዲህ ስሚኝ። ቅንፎቹን አውጥተሽ፣ የቀረውን እንዳለ ማስገባት ትችያለሽ። የሚቀየሩት ገጾች ብዙ አይደሉም፤ እስከ መዝጊያ ሰዓት ይደርሳል። ፊርማዬ አለበት። ታልፊያለሽ። ወይ ደግሞ ዛሬ ታስወጪውና አራተኛውን እንደገና ትጽፊዋለሽ። ያኔ ቀኑ አለፈሽ ማለት ነው። ለኮሚቴው ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። ግን ሁለቴ አራዝመውልሻል፤ ሦስተኛውን እምቢ ቢሉ አልፈርድባቸውም። እምቢ ካሉ ደግሞ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።”

“እርስዎ ቢሆኑ የቱን ያደርጉ ነበር?”

“እኔን አትጠይቂኝ። ሰው ስትጠይቂ ነው እዚህ የደረስሽው።”

ሰፊዋ ከዚህ በላይ መታገስ አልቻለችም። “ይሄ ደግሞ ምን ይጠየቃል! ቅንፉ ይውጣና ይግባ! አሁኑኑ! እኔ ያንን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰውዬ ገጹን እንዲቀይረው አደርገዋለሁ፤ ያውቀኛል። ነይ ተነሺ!”

“አይ፣ እትዬ።”

ሰፊዋ የሰማች አልመሰላትም። ይሄ ቃል ከዚህ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ጨርቅ ክምር ላይ ተኝታ ስታለቅስ እንኳ፣ የተስማማች ነበር የምትመስለው።

“ምን አልሽ?”

“አላስገባውም አልኩ።”

“ሚጡ! አብደሻል? ስንት ዓመት ነው የጠበቅነው? እኔ ይሄን ቀን ሳስብ ነው እኮ…” ድምፅዋ ግድግዳውን መታው፤ በሩ ማዶ ሲያልፍ የነበረ እግር ቆመ።

“ጩኺ” አለች ሚጡ። አልተቆጣችም፤ ዓይኗ እህቷ ላይ ነው። “እንደምትጮኺ አውቃለሁ። ጩኺ፣ እትዬ። እኔ እሰማሻለሁ። ግን አላስገባውም። እነዚያ ሴቶች በር ድረስ ሸኝተው የነገሩኝን ነው ያጠፋሁት። አሁንም እሺ ብዬ ከገባሁ፣ እንዳለቅኩ ነው የምቆጥረው።”

ሰፊዋ ልትጮኽ ነበር፤ ጩኸቱም ደርሶ ነበር። ግን የት ይውጣ? ፕሮፌሰሩ ያነበቡት ‘ስለምንጮኽባቸው ነው’ የሚለው ቃል አፏ ላይ የቆመባት መሰላት። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሳበች፣ አስተካከለች፣ እንደገና ሳበች። የቢሮው ወንበር ጠባብ ነበር፤ እሷ ደግሞ ተነስታ የምትንጎራደድበት ቦታ አልነበራትም።

ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን እስኪበቃቸው ጠረጉ። ከዚያ ወረቀት ሳቡና ደብዳቤውን እዚያው በእጃቸው መጻፍ ጀመሩ። ጽፈው ሲጨርሱ ለሚጡ ሰጧት። “እኔ ገና አላመንኩበትም” አሉ። “ርቀቱም ቢሆን ድርሻ አለው ብዬ ነው የማስበው። ስትጽፊው አሳምኚኝ።”

“ካላመኑስ?”

“ያኔ እንጣላለና።”

ሚጡ ቀዩን ጥራዝ ታቅፋ ወጣች።

መዝገብ ቤት መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ የመጡበትን ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። “ትናንት በዚያ ሁሉ ጩኸት ያስገባችሁትን ነው ዛሬ የምታስወጡት?” ብላ ሰፊዋን አየቻት። ሰፊዋ መልስ አላጣችም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር መልስ አጥታ አታውቅም። ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር።

“አዎ፣ እቴ” አለች። “እባክሽ።”

ልጅቷ ሌላ ነገር ስለጠበቀች ትንሽ ግራ ገባት። ከዚያ ማህተሙ ላይ በእስክሪብቶ መስቀለኛ አሰመረችበት፣ ሚጡን አስፈረመቻት። መውጣቱ እንደ መግባቱ ጊዜ አልፈጀም።

የመልሱ አውቶቡስ ሞልቶ ነበር። ከኋላ ሁለት ቦታ አገኙና ተጣበው ተቀመጡ። ሰፊዋ ቦርሳዋን ከቀኝ ጭኗ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረች። መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች። ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ አያት። ንዴቱ አልበረደላትም፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለሰፈሩ፣ ለደንበኛው፣ ለቤተ ዘመዱ አፏን ሞልታ ስትናገር ኖራ አሁን ባዶ እጇን ነው የምትመለሰው።

“ኮሚቴው እምቢ ቢልስ?” አለች።

“እምቢ ሊል ይችላል።”

“እና ምን ትሆኛለሽ?”

“ነርስ ነኛ። ዛሬም ነርስ ነኝ።”

“እምቢ ካለ እኔ ሄጄ…” ብላ ጀመረችና ተወችው።

ሚጡ ቀዩን ጥራዝ ጉልበቷ ላይ ገልጣ፣ አራተኛው ምዕራፍ ዳር ዳር ላይ በእርሳስ ትጽፍ ጀመር። አውቶቡሱ ሲዘል ፊደሉ አብሮ ይዘላል። ሰፊዋ በዓይኗ ጥግ እያየች ትንሽ ቆየች። አንድ ነገር ከረቡዕ ማታ ጀምሮ… አይ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ይቆረቁራታል። ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው፤ አውጥተው ካልጣሉት አያስኬድም።

“ያቺ ካርዱ የቆሸሸባት ሴትዮ” አለች።

“እ?”

“ስሟን አልጠየቅኩሽም። በሰው ፊት ያዋረደቻት፣ ምን ብላት ነው?”

ሚጡ እርሳሷን አቆመች። “ብዙ አይደለም። ‘ልጅ መውለድ ብቻ ነው እንዴ የምታውቂው?’ ነው ያለቻት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፣ ‘እሺ’ አለች፣ ልጇን አዝላ ወጣች።”

“አብራ ሳቀች?”

“አብራ ሳቀች።”

“ተመልሳስ መጣች?!” አለች ሰፊዋ። ድምፅዋ እንደ ልማዱ አውቶቡሱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ከፊት ያለው ሰውዬ ዞረ፣ ማዶ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ዞሩ፣ የአውቶቡሱ ሹፌርም በመስታወቱ አያቸው።

ሚጡ ቀና ብላ እህቷን ጠበቀቻት።

ሰፊዋ አፏን በመዳፏ አበስ አደረገች። ወደ ሚጡ ጠጋ አለች፣ ትከሻዋን ትከሻዋ ላይ አስደገፈች፣ ድምፅዋንም ዝቅ፣ ገና ዝቅ አደረገችው። እንዲህ ማውራት ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

“ተመልሳ መጣች ወይ?” አለች።

“አልመጣችም” አለች ሚጡ። “የቀረውን ልንገርሽ?”

“ንገሪኝ።”